ለአባትሽ ያዘዝሽው ክኒን

ልጄ፣ ዶክተሬ፣ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። ጣሪያው ተጠግኗል፣ ድመቷም ወልዳለች። እኔ ግን ሰሞኑን ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው።

ለግፊቱ ብለሽ በሰው እጅ የላክሽለትን ክኒን አባትሽ አንድ ቀን ሳያዛንፍ ይውጣል። እዚህ አገር አልተመዘገበም ያልሽው ከነከነኝና ለሰፈራችን ሐኪም አሳየሁት።

«ያልተመዘገበ መድኃኒትም የግድ ሲሆን ይታዘዛል፤ ያዘዘው ሐኪም ግን ዓይኑን ከበሽተኛው ላይ አይነቅልም። ማን እየተከታተላቸው ነው?» አለኝ።

«ልጃችን ናት፣ ሐኪም ናት» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

«መቼ አየቻቸው?» ሲለኝ ስልክ ቁጥርህን ጻፍልኝ ብዬው ወጣሁ።

የአባትሽ እግር አብጧል፤ ጫማው እምቢ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው የሚውለው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ «ልጄ ያዘዘችልኝን ሌላ ሰው ሊያስቆመኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!» ይላል። አንቺ በቪዲዮ ስትደውዪ ደግሞ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እግሩን ጠረጴዛ ስር ቀብሮ ይስቅልሻል።

የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ በሞቴ ዛሬውኑ ደውዪለትና ተነጋገሩ። አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ለአባትሽም ስትደውዪ ፊቱን ተይውና «አባዬ፣ እግርህን አሳየኝ» በይው። አንቺን እምቢ አይልም።

እናትሽ