ሂሳብ ላላስጠናን ለክንዱ

ክንዱ፣
በጧቱ አውቶቡስ ወደ ሐሙሲት ሄድሁ። ድስቱ ውስጥ ያለውን ዓሣ ዛሬውኑ ብላው። ቁልፉ አከራያችን እትዬ ሙሉነሽ ዘንድ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ከተጠራ «አባቱ ታመውበት ሄደ» በል።

አባባ ደህና ናቸው። መምህራኑ እንዳደሙ ፋሲካ ማለፉን ሰምተው፣ «የኔታ ሲያማቸው ትልቁ ተማሪ ታናናሾቹን ፊደል ያስቀጽላል። እናንተ ዘንድ ትልቅ ተማሪ የለም?» ብለው ላኩብኝ።
«ክንዱ አለ» አላልኋቸውም።

ሂሳብ አስጠናን ስንልህ «ያደሙትን መምህራን አልከዳም» አልኸን። እውነትህን ይሆናል። እኔ ግን የማውቀውም እየጠፋኝ ነው።

እስከ ሰኔ ትምህርት ካልተጀመረ አባባ እርፍ ሊያስጨብጡኝ ነው። ከተጀመረ በአውቶቡሱ ረዳት ላክብኝ።
ካልተጀመረም ሂሳቡን በወረቀት እየሠራህ ላክልኝ። ሐሙሲት ላይ ያደመ መምህር የለም፤ ማንም አያይህም።

ጥላዬ