አዲሱ ካሜራና ባዶው ወፍጮ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ ለአቶ ተስፋሁን ወልዴ፤

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ደም ግፊትህስ ወረደልህ? የእማዬ ስኳርስ ረጋ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ቶራንስ ያለው ሥራዬም ሰላም ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ደስታዬን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ፌርፋክስ አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የአንጋፋ ምእመናንን ምስክርነት ራሳችን እንቅረጽ ብላ ካሜራ የመምረጡን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። የድሮዎቹ ቅጂዎች በትንንሽ ካሴት ተቀርጸው ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ማጫወቻው ስለተበላሸ ግን ማንም አያያቸውም። ጊዜም አልነበረንም፤ ከመዘምራኑ ሁሉ አንጋፋዋ እትዬ ታደለች በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጃቸው ጋ ሲያትል ሊገቡ ነው።

የቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ መንግሥቱ የወደዱት በትከሻ የሚያዘውን ትልቁን ካሜራ ነበር። ሲያዩት ራሱ ያስከብራል አሉ። እኔም ሁለት ካሜራ ተከራይቼ እሳቸውኑ በሁለቱም ቀረጽኳቸው። የትልቁ ምስል ያምራል፤ ፋይሉን ግን የቢሮው ኮምፒውተር አልከፍትም አለ። ትንሹ የሚቀርጸው ኤምፒፎር በሚባለው ዓይነት ስለሆነ በኮምፒውተሩም፣ በቴሌቪዥኑም፣ በስልኬም ወዲያው ተከፈተ። ድምፁ ላይ ግን ከጋሽ መንግሥቱ ይልቅ የኩሽናው ፍሪጅ ነበር የሚሰማው። ኮሌታቸው ላይ የሚሰካ ማይክ ሳደርግላቸው ትንፋሻቸው ሳይቀር ተሰማ። ሳቁና፣ «ኦኬ ልጄ፣ ትንሿን ግዢ፤ ማይኩን ግን እንዳትረሺ» አሉኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እትዬ ታደለችን አስቀመጥናቸው። ፊቴ ተጨማድዷል ብለው መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ነጠላቸውን አስተካክለው አንዴ ከጀመሩ በኋላ ግን ማን ያቁማቸው። ናዝሬት ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን በታሸገበት ዘመን፣ መዘምራኑ ወፍጮ ቤት ጓሮ ተደብቀው ይለማመዱ እንደነበር አወሩ።

«አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር» አሉ። «ድምፃችን ውጭ እንዳይሰማ፣ እህል ሳይኖር ባዶ ወፍጮ ያስጮህልን ነበር። በኋላ ድንጋዩን በከንቱ ጨረሰ ብለው አባረሩት። ተስፋሁን ይባላል፤ ተስፋሁን ወልዴ።»

አባዬ፣ ከወፍጮ ቤት የተባረርኩት እንቅልፍ ጥሎኝ ነው እያልክ አይደል ያሳደግኸን? ቀረጻው እንዳይበላሽ አፌን በእጄ ይዤ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። እትዬ የሚያውቁኝ ማዕዶት ብቻ ብለው ነው፤ ካሜራውን እንዳጠፋሁ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ፤ ወዲያው በዚያ ጓሮ የተለማመዱትን መዝሙር ጀመሩ። ሮጬ ካሜራውን መልሼ ከፈትኩት። ጋሽ መንግሥቱ ከኋላ ሆነው ሲቀበሏቸውም ድምፃቸው ቅጂው ውስጥ ገብቷል።

ቅጂውን በፍላሽ አድርጌ ወደ አገር ቤት በሚመጡት በጋሽ ዘለቀ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ወንድሜ ኖላዊ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካልህ። እትዬ ታደለች አንድ ጥያቄ አላቸው፤ ወፍጮው እየጮኸ አንተ መዝሙሩ ይሰማህ ነበር ወይ? መልስህን ኖላዊ በስልኩ ይቅረጸው፤ ስልኩን አግድም ይያዝ፣ መስኮቱም ከጀርባህ አይሁን።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ኖላዊንና ባለቤቱን ሉሊትን፣ ጎረቤታችንን እትዬ ዙሌይካን ሰላም በልልኝ። የአንተን ግን ጉልበት ስሜአለሁ፤ አባቴ በመሆንህ ኮርቻለሁ።

ልጅህ ማዕዶት
ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ጥቅምት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.