ሽጉጥ ታጥቆ ስለመሮጥ ለፔካን ቤንድ የደኅንነት ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሚስተር ሮይስ ታትል
የፔካን ቤንድ ነዋሪዎች ማኅበር የደኅንነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ሰው ጠዋት ተነሥቶ ለሩጫ ሲወጣ ከጫማው፣ ከውኃውና ከቤቱ ቁልፍ ሌላ ምን መያዝ አለበት? በሰፈራችን የሚኖር ሁሉ የጫማውን ክር ሲያስር ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ራሱን ሳይጠይቅ እንዳልቀረ አምናለሁ። ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ያገኙት ግን እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ በቅድሚያ እርስዎ፣ ባለቤትዎ ሚስስ ሻሪና የግቢዎ ሣር በዚህ የቴክሳስ ሐሩር እንደምን ሰነበታችሁ እያልሁ፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ በሩጫ ላይ ሳሉም ከወገብዎ ምንም ነገር እንዳይወድቅብዎ ከልብ እመኛለሁ።

ስሜ ካሲዲ ሬንፍሮ ይባላል። በግንቦት በሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ተመርቄ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ሥራ ገና አላገኘሁም፤ ሐሳብ ግን ሞልቶ ይፈሳል። ከሐሳቦቼ አንዱ በሕመም ምክንያት ቤት የዋሉ ጎረቤቶቻችንን ጠዋት ጠዋት በወንዙ ዳር መንገድ በእግር የሚያራምድ ማኅበር ማቋቋም ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያና እስካሁንም ብቸኛ አባል የልቡን ደም ሥር ያሳከመው አባቴ ቨርኖን ሬንፍሮ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒትህ እግርህ ነው፤ ካልተራመድህ እንደገና እዚሁ እንገናኛለን» ብሎታል። አባቴ ግን ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ከበረንዳው አልወረደም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

እንዳይጠራጠሩኝ ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፦ የመሣሪያ ጠላት አይደለሁም። ቤታችን የአያቴ የአደን ጠመንጃ ተሰቅሏል፤ አባቴ አጋዘን ማደን ያስተማረኝ ገና በልጅነቴ ነው፤ መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር «ምን ላይ እንደምታነጣጥሪ ሳታውቂ ጠመንጃ አታንሺ» የሚል ነበር። ይህ ትምህርት በኮሚቴዎ ዘንድ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን የተረዳሁት ወደ ሰፈር ከተመለስሁ በኋላ ነው። አሁን፣ በፈቃድዎ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በጸደይ ለየቤታችን ለላኩት ምክር አመሰግናለሁ። በጎልፍ ሜዳው አጠገብ አንድ ቀበሮ በመታየቱና «የማይታወቁ ሰዎች» በመንገዱ ላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ የሚሮጥም ሆነ የሚራመድ ሁሉ ሽጉጥ ቢይዝ መልካም እንደሆነ ጽፈውልን ነበር። ሆድ ላይ የሚታሰረው ሰፊ የሽጉጥ ቀበቶ በየትኛው ሱቅ እንደሚገኝም ሳይታክቱ ጠቁመውናል። ባለ ሱቁ የሚስስ ሻሪ ወንድም መሆኑን ከሌላ ሰው ሰማሁ፤ እርስዎ ያልነገሩን በትሕትና መሆኑን አልጠራጠርም። ቀበሮው ግን እስካሁን አልታጠቀም።

ሁለተኛ፦ ሰፈሩን በሙሉ አንድ ዓይነት አሯሯጥ ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ያ ቀበቶ በላብ ሲርስ ይንሸራተታል፤ ሽጉጡም በየእርምጃው ይዘላል፤ ስለዚህ ሯጩ ሁሉ በአንድ እጁ ሆዱን ጨብጦ ይሮጣል። እንግዳ ሰው ቢያየን የጉድጓዳችን ውኃ የተበከለ ይመስለዋል። ችግሩ ሰው እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ ያየ ሁሉ ደግሞ መጠርጠሩ ነው። ኮሚቴዎ በሰኔ ከለጠፋቸው «አጠራጣሪ እንቅስቃሴዎች» መካከል «ድልድዩ አጠገብ እጁን ሸሚዙ ውስጥ የከተተ ወፍራም ሰው» የተባለው ሚስተር ዱዌይን ፒኬት ነው። ጠቋሚዋ ሚስስ ጆሊን ስትራውድ ናት። በዚያው ጠዋት «ወገቧን የምትዳብስ ባለ ቀይ ኮፍያ ሴት» የተባለችው ራሷ ሚስስ ጆሊን ስትሆን፣ ጠቋሚው ሚስተር ዱዌይን ነው። ሁለቱ አጥር ለአጥር ናቸው፤ የሣር ማጨጃ ይዋዋሳሉ። ሚስስ ጆሊንን ስጠይቃት «ታዲያ ዱዌይን መሆኑን በምን ልወቅ የኔ ልጅ? እጁን እንጂ ፊቱን አላየሁት» አለችኝ። እርስዎ ግን ጥቆማው ስለበዛ መታጠቁ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል ብለው ጻፉልን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በፔካን ቤንድ ግን የጠረጠረ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

በሐምሌ መጀመሪያ በአሜሪካ የነፃነት ቀን ሩጫ የሆነውንም ባላነሣው ምስጋናዬ ይጎድላል። በድምፅ ማጉያው «ከውኃ ጠረጴዛው አጠገብ ትንሽ ጥቁር ሽጉጥ የጣላችሁ፣ መጥታችሁ ውሰዱ» ሲባል፣ ሯጩ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ቆሞ ሆዱን ዳበሰ። ሦስት ሰዎች የኔ ነው ብለው ቀረቡ። የሁለቱ እዚያው ወገባቸው ላይ ሲገኝ ከሁለቱ አንደኛው «እኔ እኮ እግሬ ሥር የወረደ መስሎኝ ነው» አለ፤ ሰዉም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ያኔ ነገሩ ገና አባቴን አልነካም ነበር።

ሦስተኛ፦ በሐምሌ መጨረሻ ሐኪሙ ለአባቴ የልብ ምት የሚቀዳ፣ በሽቦ ከደረቱ ጋር የተያያዘ ትንሽ መሣሪያ ወገቡ ላይ አሰረለትና «ደረትህ ላይ አንዳች ነገር ሲሰማህ ቁልፉን ተጫን» አለው። በማግሥቱ ጠዋት እኔ የሥራ ፈተና ስለነበረኝ ብቻውን ወጣ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ልቡ እንደ ወፍ ተርገበገበበት። እንደታዘዘው እጁን ወደ ሸሚዙ ሥር ሰደደ። ከፊት ለፊቱ ይመጣ የነበረ፣ በኮፍያ፣ በፀሐይ መነጽርና እስከ አፍንጫ በተሳበ የአንገት ጨርቅ የተሸፈነ ሯጭ ሽጉጡን መዝዞ «እጅህን አውጣ!» አለው። አባቴ ሁለቱንም አወጣ። ቁልፉን አልተጫነም። ሯጩ ጥቂት ቆሞ አየው፤ ከዚያም ፊቱን አዙሮ በመጣበት ሮጠ። ይቅርታ አላለም፤ ደኅና ዋል አላለም።

መሣሪያው ግን ቁልፉን ባይጫኑትም ይቀዳ ኖሯል። ሐኪሙ ቅጂውን እያየ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈና «ቨርኖን፣ እዚህ ጋ ሮጠሃል እንዴ? አትሩጥ አላልሁህም?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም «አልሮጥሁም ዶክተር፤ ቆሜ ነው» አለ።

አራተኛ፦ ለአቤቱታዬ ስለሰጡት ፈጣን መልስ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ነገሩ ተጣርቶ ሯጩ «ኃላፊነት በተሞላበት መንገድ» እንደሠራ፣ ለወደፊቱም አባቴ ከሩቅ የሚታይ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ እጆቹን ከደረቱ ፊት ዘርግቶ ቢራመድ እንደሚመረጥ አስታውቀውኛል። አጋዘን አደን ስንወጣ እንደዚያ ያለ ሰደርያ እንለብሳለን፤ የምንለብሰው ግን አዳኞቹ እኛ ስለሆንን ነው። ሊያስረዱኝ ያልቻሉት ሌላ ነገር ነው። በመልስዎ ላይ ሯጩ «ከሸሚዙ ሥር ብቅ ያለውን ሽቦ እንዳየ መሣሪያውን ወዲያው ዝቅ አደረገ» ይላል። አባቴ መታመሙን ከጎረቤት ሰምተው ይሆናል። እኔ ግን በአቤቱታዬ ላይ ስለ ሽቦ አንድ ቃል አልጻፍሁም፤ ሽቦ መውጣቱን አባቴ ራሱ አላወቀም ነበር። በዚያ ጠዋት ድልድዩ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ከእርስዎ ጋር አልተነጋገረም። ስለዚህ ወይ ሁለተኛው ሰው መጥቶ ነግሮዎታል፤ ወይ ደግሞ። በሥርዓት ያደግሁ ስለሆንሁ ይህን ዓረፍተ ነገር እርስዎ እንዲጨርሱልኝ እተወዋለሁ።

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣ ጠበቃ አልያዝንም፤ የምንፈልገው ገንዘብም የለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ የዚህን ሰፈር ሰው ግማሹን በልጅነቱ አመላልሷል፤ ስማችሁን ብቻ ሳይሆን የትኛው መስኮት አጠገብ መቀመጥ ትወዱ እንደነበር ያውቃል። ስለ እርስዎ ስጠይቀው «ሮይስ? ሲወርድ ሁልጊዜ የሚያመሰግን ልጅ ነበር» አለኝ። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት «አባዬ፣ ተነሥ እንውጣ» ስለው «ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል» ይለኛል። ከልቡ በቀር አሞት የማያውቅ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ሯጭ በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ፣ ሌላውን እያወዛወዘ «ቨርኖን፣ ሙቀቱ ዛሬ ሊገድለን ነው እኮ!» እያለ አለፈ። አባቴ ሰላምታውን ሊመልስ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። ሰውየው አላስተዋለም። እኔ አየሁ፤ አባቴም ማየቴን አየ። እጆቹን ቀስ ብሎ ካወረደ በኋላ «ማንኛው እንደሆነ ባውቅ እኮ ካሲ፣ የቀሩትን በደኅና ሰላም እላቸው ነበር» አለኝ።

ልመናችን ይህችው ብቻ ናት፦ ማንኛው እንደሆነ ይነገረው። ሰውየው በቀን፣ በበረንዳችን በኩል፣ ፊቱን ገልጦ ይምጣ፤ በረዶ የገባበት ሻይ እናቀርብለታለን፤ አባቴም አይቆጣውም። እስከዚያው እያንዳንዱ ሯጭ ያ ሰው ነው፤ እስከዚያው ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ከበረንዳው ማዶ እንደተዘረጋ ይቀራል። ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ጋዜጣ የምታነቡ ጎረቤቶቼም፣ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ ሳታደርጉ አንድ ጠዋት መራመድ የሚቻላችሁ ከሆነ፣ ቅዳሜ ፀሐይ ሳይበረታ በራችን ላይ እጠብቃችኋለሁ። ፊታችሁን እያየ ከእናንተ ጋር እስከ ድልድዩ ቢሄድ ምናልባት ብቻውንም መሄድ ይጀምር ይሆናል። የማትመጡም ብትሆኑ ለምን እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልኝ።

ለሰፈራችን ጸጥታ ያለ ዕረፍት ለሚደክሙት፣ በትጋትዎ ጎረቤትን ከጎረቤት ለጠበቁልን ለክቡርነትዎ፣ የላቀ አክብሮቴንና የማያቋርጥ ትኩረቴን እያረጋገጥሁ፣

ታዛዥዎ
ካሲዲ ሬንፍሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላስረክብዎ አስቤ ነበር። ቤትዎ ከቤታችን በሩጫ ቅርብ ነው፤ የሩጫ ቁምጣዬ ግን ኪስ ስለሌለው ፖስታውን ወገቤ ላይ ሻጥሁት። በርዎ ላይ ደርሼ ላወጣው እጄን ስሰድ እርስዎ በመስኮት ቢያዩኝስ ብዬ አሰብሁና ከመንገድ ተመለስሁ። ደብዳቤው በጋዜጣ የወጣ ግልጽ ደብዳቤ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።