አልዊን ጀልባውን ይዞ ስለ መጠበቁ

ለተከበራችሁ የይግባኝ ሰሚ ችሎት ዳኞች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እመኛለሁ፤ እኛ የፖሜሩን ወንዝ ዳር ሰዎችም ስለ ሐዘናችን እናንተ ስለምታስቡልን ደኅና ነን ለማለት እንገደዳለን።

ከሁለት ዓመት በፊት በስለት የተገደለው ኬምራጅ ወንድሜ ነው። የምማጸነው ግን «ከገዳዮቹ ጋር ተባብሯል» ተብሎ ሃያ አምስት ዓመት ለተፈረደበት ለጀልባ ነጂው ለአልዊን ነው፤ ይግባኙን የምትሰሙት በመጪው ማክሰኞ ነውና።

፩. ፍርዱ፣ አልዊን ሁለቱን ገዳዮች እኛ ደጃፍ አውርዶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ስለጠበቃቸው ዓላማቸውን ተጋርቷል ይላል። ስላስተማረን እናመሰግናለን። እኛ ዘንድ የእግር መንገድ ስለሌለ፣ ከዳር ሆኖ እጁን ያነሣ ሁሉ ይጫናል፣ የወረደውም እስኪመለስ ይጠበቃል፤ እስካሁን የሚታማው ሰው ጥሎ የሄደ ነበር።

፪. መርማሪዎቹ ጀልባው ላይ ደም ማግኘታቸውን በትጋት መዝግበዋል። የወንድሜ ደም ነው። ገዳዮቹ የእኛን ጀልባ ይዘው ሲያመልጡ፣ አልዊን ኬምራጅን ተሸክሞ ወደ ራሱ ጀልባ አስገባው፤ ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ኬምራጅ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ «አንተ አልዊን፣ ዛሬም እንደ አሮጊት ነው የምትነዳው?» አለው። አልዊን እያለቀሰ፣ «ዝም በል አንተ ለፍላፊ፣ ስትድን አንተ ትነዳለህ» አለው። ክሊኒኩ ሳንደርስ ሞተ። ሟችና ገዳይ እንዲህ እንደሚነጋገሩ ስላላወቅኩ አላዋቂነቴን ይቅር በሉኝ።

፫. ይህንኑ በመጀመሪያው ችሎት ብናገር፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሐዘን ተደናግሯል ተብሎ ታለፈ። እናንተም ልመስክር ብዬ ብጠይቅ፣ ቁስሌ እንዳይነካ ቤቴ እንድቀመጥ ጻፋችሁልኝ። ስለ ቁስሌ በመጨነቃችሁ አመሰግናለሁ፤ አንድ ነበር፣ አልዊንን ጨምራችሁ ሁለት አደረጋችሁልኝ።

ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና አለብኝ። ፈተናውን ትቼ በራችሁ ላይ እቆማለሁ። አምስት ደቂቃ ስሙኝ።

ፍርዱ በወንድሙ ስም የተሰጠለት፣ ለዚህም ክብር ምን ብሎ እንደሚያመሰግን የጨነቀው፣
ቪካሽ ሱክዴዮ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት እናቴ ታማ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። የወሰዳት ሌላ ጀልባ ነጂ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አወረዳትና፣ «ይቅርታ አክስቴ፣ መጠበቅ ሃያ አምስት ዓመት ያስፈርዳል» ብሏት ተመለሰ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወንዙ ዳር ተቀምጣ ቆየች። ሄጄ ሳመጣት፣ የሟቹ እናት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አልዊን ቢኖር ይጠብቀኝ ነበር።»