ባሌን ስለ ሰደብክልኝ

ውድ ዋቲ፣

ይህን የምጽፍልህ ባሌን ስለ ሰደብክልኝ ላመሰግንህ ነው። በቀብሩ ዕለት ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ከወንዶቹ ጋር ሳጥኑን ተሸክመህ ኮረብታውን ስትወጣ፣ እኔ ከኋላህ ሆኜ ቃሉን በአፌ ሳመላልስ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጄን ስትጨብጠኝ ግን ከአፌ የወጣው «ካልሲህ ረጥቧል፣ ቀይር» የሚል ሆነ። አውቶቡሳችሁ ወደ ስኮትላንድ ሄደ፣ እኔም ምስጋናዬን እንደ ታቀፍኩ ቀረሁ።

አንተና ሄቪን እንዴት እንደ ተዋወቃችሁ ለሰው ሳወራ የሚያምነኝ የለም። የእናንተ ከተማ የራግቢ ክለብና የእኛ መንደር ክለብ፣ ከሁለቱ አገሮቻችን ትልቅ ጨዋታ በፊት በነበረው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተጋጠሙ፤ አንተም በትከሻህ አፍንጫውን ሰበርክለት። ማታ እንግዶቹ በየቤቱ ሲከፋፈሉ ዕጣ አንተን ሄቪን ቤት ጣለህ። አማቴ ሾርባ እያቀረበች «ልጄን እንዲህ ያደረገው የትኛው አውሬ ነው?» ስትል፣ ማንኪያህን እንደ ጎረስክ እጅህን አወጣህ። እሷም ሥጋ ጨመረችልህ። ያኔ ውድድሩ የአምስት አገሮች ነበር፣ ጣሊያን ገና አልገባችበትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት የኛ ወንዶች ወደ እናንተ፣ አንድ ዓመት እናንተ ወደ እኛ ስትመላለሱ ሁላችንም ሸመገልን።

በመጣህ ቁጥር የእህትህን የዘቢብ ዳቦ ይዘህ ትመጣለህ። የእኔንም የዘቢብ ዳቦ ሁለት ቁራሽ ትበላና «ኤርሊስ፣ ይቺ ለምሳ ናት ወይስ ለግንብ?» ትለኛለህ። እኔም የእህትህ ዳቦ ለወፍ ሲጣልላት ወፏ ይቅርታ ጠይቃ እንደ ሄደች እነግርህ ነበር። ሄቪን መሃላችን ተቀምጦ ሁለቱንም ይበላል፣ ለማንም አይፈርድም።

ባለፈው ነሐሴ ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ ንግግሩም ጠፋ። ሐኪሙ «ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፤ ቃሉ ነው መውጫ ያጣው» አለኝ። እኛ ግን የሰማነው ሌላ ነገር ይመስል ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ልጄ ሎውሪ፣ አባቷን ስትፈራና ስትሟገት ያደገችው ሎውሪ፣ እግሩ ሥር ተንበርክካ «አባዬ፣ የኔ ጌታ፣ ትንሽ ሾርባ ትቀምሳለህ? ጎሽ! ጎበዝ!» ትለዋለች። ንግግር የምታለማምደው ልጅ የድመትና የሲኒ ሥዕል እያሳየች «ይህቺ ምንድን ናት?» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲቆፍር፣ ጉድጓዱ ሲዘጋ ደግሞ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ድመት አሳዩት።

እኔ ደግሞ ከሁሉም ባስኩ። «ድንጋጤ አይሆነውም» ስለ ተባልኩ ቴሌቪዥኑን የጠረጴዛ ልብስ አለበስኩት። የክለቡን ሰዎች በር ላይ እያስቆምኩ «እባካችሁ የራግቢ ወሬ አታንሱበት» አልኳቸው። ሰዎቹም ቀስ በቀስ መምጣት ተዉ። ያለ ራግቢ ምን ብለው ያውሩ? ቤቱ ጸጥ አለ። ሄቪን የሰጠሁትን ሁሉ ይውጣል፣ ያስቀመጥኩት ቦታ ይቀመጣል። ዋቲ፣ ያን ጊዜ የምፈራው መሞቱን አልነበረም። እዚያው ወንበሩ ላይ እያለ ባሌን ማጣቴን ነበር የምፈራው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲርቀኝ ይታወቀኝ ነበር።

ለዚህ ነው ጥር ላይ «ዘንድሮ ቤታችን እንግዳ አይችልም፣ ሌላ ማረፊያ ፈልግ» ብዬ የጻፍኩልህ። አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። በጨዋታው ዋዜማ፣ ዓርብ ማታ፣ በር ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ ሻንጣህንና ዳቦህን ይዘህ ቆመሃል።

«ደብዳቤዬ አልደረሰህም?» አልኩህ በሹክሹክታ።

«ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ ግን አይነበብም» ብለህ ገፍተኸኝ ገባህ።

ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ሄቪን ሄድክና ወገብህን ይዘህ ቆምክ። «አንተ ሽማግሌ! እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ አቋርጬ ስመጣ፣ አንተ ብድግ ብለህ በር መክፈት አቃተህ?»

እጅጌህን ጎተትኩህ። «ዋቲ፣ በፈጠረህ! መናገር አይችልም እኮ!»

«ድሮስ መቼ ቁም ነገር ተናግሮ ያውቃል?»

ላባርርህ አፌን ስከፍት የሄቪን ግራ ቅንድብ ወደ ላይ ስትነሣ አየሁ። ያቺን ቅንድብ ከነሐሴ ጀምሮ አላየኋትም ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ፤ አንተም ዳቦህን እያስቆረስክ እስክንተኛ ድረስ ስትዘልፈው አመሸህ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ጨዋታው ወዳለበት ወደ ካርዲፍ ሲነሣ ትኬትህን ለሎውሪ ባል ሰጠኸው። የጠረጴዛ ልብሱን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፍፈህ ትከሻህ ላይ ጣልክ፣ ወንበርህን ከሄቪን ወንበር ጋር አጋጠምክ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ባሮ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማሃለሁ። ደግ ሐሳብ እያሰብኩልህ አልነበረም። «ይሄንን ልጅ ከየት አመጣችሁት? ኳሱን እንደ ትኩስ ድንች እኮ ነው የሚጥለው!» ትላለህ። ጥቂት ቆይተህ ደግሞ «መዝሙራችሁማ አንደኛ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ፣ በመዝሙር ነጥብ ቢሰጥ ኖሮ!» ትላለህ። ለእረፍት ሲወጡ ላስወጣህ ወስኜ ነበር።

ለእረፍት ሊወጡ ጥቂት ሲቀር የእናንተ ልጅ ኳሱን ለጓደኛው ወረወረለት፣ ጓደኛውም ሮጦ ከመስመሩ ማዶ መሬት አስነካው። በራግቢ ኳስ በእጅ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት እንደማይሰጥ በሸለቋችን ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቃል፤ ያ ኳስ ደግሞ እኔ በወጥ ቤቱ በር አጮልቄ እንኳ ወደ ፊት ሲሄድ አይቼዋለሁ። ዳኛው ግን ነጥቡን አጸደቀው።

አንተ ብድግ ብለህ አጨበጨብክ። «አየህ! እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ኳስ! ምንም እንከን የለው!»

ከሄቪን ወንበር አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ትን ያለው መስሎኝ ነበር።

«ሌ... ሌባ!»

ጭልፋዬን እንደ ያዝኩ ሮጬ ገባሁ። አንተ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላልክም። «ምን አልከኝ?» አልከው።

«ሌባ!»

«ማነው ሌባ? እኔ ነኝ ዳኛው?»

ሄቪን ጤነኛ እጁን አነሣ። መጀመሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመና «ሌባ» አለ። ቀጥሎ ወደ አንተ ዞረና አሁንም «ሌባ» አለ። ዳኝነቱ ተጠናቀቀ።

አንተ ያን ጊዜ ያደረግከውን የምትረሳው አይመስለኝም፣ እኔም አልረሳውም። ትከሻህ ላይ ባለው የጠረጴዛ ልብስ ዓይንህን እየጠረግክ «ተሳስተሃል፤ ኳሱ ወደ ኋላ ነው» አልከው። ሐዘኔታህን ሳታሳየው ልታለቅስ እንደምትችል ያን ቀን አየሁ። እኔ እናንተን እያየሁ ሾርባ ስቀዳ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ተሸነፍን። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየጨዋታው ጠዋት ትደውል ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ፣ አንተ ትሰድበዋለህ፣ እሱ ቃል እየፈለገ ይንተባተባል፣ ሲያገኘው ደግሞ አይምርህም። የምታለማምደው ልጅ ብልህ ናት፤ ድመቷን ትታ የተጫዋቾች ፎቶ ይዛ መጣች። ስሜ ስለ ከበደው «ሴትዮ» ይለኝ ጀመር፣ እኔም አቤት እላለሁ። ከአየርላንድ ጋር በተጫወትን ዕለት ምሳ አቀረብኩለት፣ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ሳህኑን ገፋው። «ጨው... የለውም» አለኝ። ዋቲ፣ ከነሐሴ እስከዚያን ቀን ያበሰልኩትን ሁሉ ዝም ብሎ የዋጠ ሰው ነው! ጨው ላመጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ጨዉን እንደ ጨበጥኩ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ባሌ መጥቷል፣ ከነነገረኛነቱ።

ዘንድሮ ሁሉንም ተሸንፈን የእንጨት ማንኪያዋን፣ የውራውን መቀለጃ፣ ወሰድን። ሸለቆው በሙሉ ይህን ወቅት መርሳት ይፈልጋል። እኔ ግን ቀን በቀን ባስታውሰው አልጠግብም።

አንተ ያልነበርክበትን አንዱን ልንገርህ። የመጨረሻውን ጨዋታ ክለቡ ውስጥ ልየው አለ፤ በጣቱ ወደ ቁልቁለቱ እየጠቆመ እምቢኝ አለ። ሎውሪና እኔ በተሽከርካሪ ወንበር አወረድነው። ስንገባ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ኮፍያ የሚያወልቅ አለ፣ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጥ አለ፣ አንዱ እንደውም ሬዲዮኑን ዘጋ። ሄቪን አንድ በአንድ አያቸውና «ማን... ሞተ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ያን ከሰዓት በኋላ ቢራውን በገለባ እየጠጣ ዳኛውን፣ አሠልጣኙን፣ ጎረቤታችንንም በየተራ ሰደበ። በሳምንቱ ተኝቶ ሳለ አረፈ።

ያመሰገንኩህ ለዚህ ነው። ወዳጆቻችን ሁሉ ለበሽተኛው ጥሩ ነበሩ፣ ሲያልፍም ያላለቀሰ የለም። ሄቪንን ግን አንተ ብቻ ነህ ያነጋገርከው። የቀበርኩት ባሌን ነው፤ ያለ አንተ ግን ወንበሩ ላይ የነበረውን ዝምተኛ ሰውዬ እቀብር ነበር። ይህን ውለታ በምን እንደምመልስ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆኗል። ሱቅ ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ሰልፉን ለቀው ያስቀድሙኛል። ሎውሪ እጄን እየዳበሰች «እማዬ፣ ትንሽ ቀመስ አላደረግሽም?» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት የክለቡ ሰዎች መጥተው ለመጪው ዓመት ጉዞ የሄቪንን መቀመጫ ለክብሩ ባዶ ሊተዉት፣ ሻርፑንም ሊያለብሱት እንዳሰቡ በለሆሳስ ነገሩኝ። ሻርፕ ስኮትላንድ ድረስ ሄዶ ምን ይሠራል? «እኔ እቀመጥበታለሁ» አልኳቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ባሌን ወደ እናንተ ስሸኝ፣ እናንተንም እዚህ ስቀልብ ኖሬ የእናንተን ሜዳ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ የካቲት ላይ እመጣለሁ። አልጋውን አንጥፍልኝ። በሩን ስትከፍትልኝ ግን አደራህን፣ እጄን ይዘህ «እንዴት ሆንሽልኝ» እንዳትለኝ። ይህን የሚሉኝ እዚህ ሞልተዋል። ገና ደፉን ሳልሻገር፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ስድብህን ጀምርልኝ።

እስከዚያው ደህና ሁንልኝ፣ አንተ ሌባ።

ኤርሊስ