ባለ አሥራ ስምንት ቅርፊት ዓሣ

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ዘጠነኛው ቅርፊት ላይ ነኝ። ከማቴዎስ የትምህርት ቤት ካኪ የተቆረጠ። መርፌው አልገባ አለ፤ ልጁ ያኔም ግትር ነበር ማለት ነው። ጣቴ ደማ። አንቺ ደብተር፣ አትሳቂ።

የምሰፋው ዓሣ ነው። የትራስ ልብስ በምታህል አቡጀዲ ላይ፣ ከእራፊ ጨርቅ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። እማዬ ከሚሲዮን ሴትዮ የተማረችውን እኔን አስተማረችኝ። የመምህሩ ኮት ላይ ጅራት ሰፍቼ ከ8ኛ ክፍል ከተባረርኩ ወዲህ ሌላ ሙያ የለኝም።

ቅዳሜ የማቴዎስ ልደት ነው። ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ከአጎቱ ጋር ዓሣ ይበልታል። እናቱ እትዬ አስቴር ከየዓመቱ ልብሱ ቁራጭ ሲያስቀምጡ ኖረዋል፤ ከተጠቀለለበት ፍላኔላ ጀምሮ። ለአንድ ዓመት አንድ ቅርፊት። አሥራ ስምንት። ቀበሌ የተመዘገበው ግን አሥራ ስድስት ተብሎ ነው። አሥራ ስምንት የሞላውን ለብሔራዊ ውትድርና ይወስዱታላ። ይህን የምናውቀው እኛ ቤትና እትዬ ወርቄ፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው፣ ብቻ ነን። ስለዚህ ዓሣው ጓዳ ይሰቀላል ተብሏል።

ዓይኑን ሸውረር አድርጌ ሰፋሁት። ቁርጥ ማቴዎስ።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰ.

ተበላ፣ ተዘፈነ። ዳቦ፣ ከረሜላ፣ አንድ ለስላሳ ለሦስት። ማቴዎስ ዓሣውን አይቶ ይሄ ነገር ታሟል አለ። ያንተ መልክ ነው አልኩት። እትዬ ወርቄ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጭፈራው ሲደምቅ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በር ላይ መጣ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። ልጅ እግር ነው። ያለ ፈቃድ ስብሰባ አይቻልም አለ። የወጣሁት እኔ ነኝ። ልደት ነው አልኩት። በምን አውቃለሁ አለ። ሮጬ ዓሣውን ከጓዳ አመጣሁ።

«በዓመት አንድ ቅርፊት ነው። ቁጠር እስቲ ጓድ፣ ከአሥር በላይ ከቻልክ!»

ቆጠረ። በጣቱ እየነካ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ሳቅኩበት። እሱ ግን ጨርሶም አልሳቀም። ከረሜላ ሰጠሁት፣ ሄደ። ከውስጥ የሰማ የለም።

ዓሣውን መልሼ ጓዳ ሰቀልኩት። ኧረ ምን ያስታውሳል።

ኅዳር 29፣ ሐሙስ

ማቴዎስን ወሰዱት። ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበለተ ሳለ። እጁን እንኳ አላስታጠቡትም።

እትዬ አስቴር ቀበሌ ሮጡ። ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ነው ቢሉ፣ ትክክለኛ ዕድሜው ተጣርቷል አሏቸው። ማን አጣራ? ቢሉ በሩን አሳዩአቸው። መናኸሪያ አጠገብ ምልምሎቹን መኪና ላይ ሲጭኗቸው ከሩቅ አየነው። እጁን አነሳ። ለእናቱ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። አንገቴን ደፋሁ።

ዛሬ ቀልድ የለም።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

እትዬ አስቴር ጥፋተኛዋን አገኘሁ አሉ። እትዬ ወርቄ ናቸው። ማቴዎስ ሲወለድ እትብቱን የቆረጡት እሳቸው፣ ከቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስብሰባ የማይቀሩት እሳቸው። ቧንቧው ጋ፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰለፈበት፣ «ልጄን በላሽው!» አሏቸው። እትዬ ወርቄ ጀሪካናቸውን ጥለው ሄዱ።

እኔ ከፊት ሦስተኛ ነበርኩ። ሰፈሩ የሚፈራው አፌ አልተከፈተም። ውኃዬን ቀድቼ ገባሁ። ይታይሽ፣ ውኃዬን ቀድቼ።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

እትዬ ወርቄን ሰላም የሚል ጠፋ። እማዬም ጭምር። ምናልባት ሌላ ሰው ቢሆንስ አልኳት። አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር ጨዋታ ይመስልሻል አለችኝ። አንቺ ደብተርም ዝም። ጎበዞች ነን።

ወፍ እየሰፋሁ ነው። ለሶስና፣ ለእትዬ ወርቄ ትንሿ ልጅ። ቅዳሜ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰባት ላባ። ስድስተኛውን ሁለቴ ተረተርኩት።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

አሥራ አንድ ብርጭቆ ተደርድሮ አንድ እንግዳ። እኔ። ሌሎቹን ልጆች እናቶቻቸው ከለከሏቸው። ሶስና አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ስትጠብቅ፣ ስምንት ሰዓት የተባለው ሻማ አሥር ሰዓት በራ። ለሦስት ዘፈንን። ሆን ብዬ እንደ አህያ አናፋሁ፤ ሳቀችልኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ቤቱ ጠፍቷቸው ነው?» አለች።

እትዬ ወርቄ እስከ በር ሸኙኝ። አቅፈው «አንቺ ብቻ አመንሽኝ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ወፏን ከአልጋቸው በላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ሰቅለዋታል።



ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት

እትዬ አስቴር ዓሣውን ልከውብኛል፣ ከማቴዎስ የሥራ ሸሚዝ ጋር። አጎቱ ነው ከሐይቁ ዳር ያመጣው። አሥራ ዘጠነኛውን ቅርፊት ከዚህ አዘጋጂ፣ ሲመለስ ይደርሳል ብለዋል። ሸሚዙ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መቀሱን ሦስቴ አነሳሁ፣ ሦስቴ አስቀመጥኩ።

አልቆርጠውም። ሳልነግራቸው አልቆርጠውም።

ደግሞ ጓዳ ገብቼ በጆሯቸው አይደለም። እትዬ ወርቄ የተሰደቡት በሰው ፊት ነው። ቧንቧው ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ እትዬ አስቴር ፊት ይሰለፋሉ፣ እትዬ ወርቄ መጨረሻ፣ ለብቻቸው። ዓሣውንና ሸሚዙን ይዤ መሃል እቆማለሁ። ማንን እንዳስቆጠርኩ እናገራለሁ። ቀልዷን ጀመረች ይሉ ይሆናል። ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ እየነካሁ፣ ልክ እንደ ጥበቃው፣ እቆጥርላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እትዬ አስቴር ሸሚዙን ቢነጥቁኝ ይንጠቁኝ። ቢመቱኝም።

ጀሪካን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ተከፍቷል።

አንቺ እዚህ ቆዪ። ዛሬ የምነግረው ላንቺ አይደለም።