ስንት ልጅ አጠቡ?

አሰላሙ ዓለይኩም የጡት ልጄ ራውዳ፣ ሐዋሳ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ማሽላው አፍርቶ አንገቱን ደፍቷል፤ አጎትሽ አራጌም ወፍ ሲያባርር ይውላል።

ክንዴ ላይ የወጣውን ቀይ ነገር ቋቁቻ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ቅባት ስቀባው መክረሜን ታውቂያለሽ። ደሴ ቆርጠው መረመሩትና የቆዳ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው አሉኝ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁና እንዳታለቅሺ።

ከምን እንደመጣብኝ ሐኪሟን ጠየቅኳት። "አንዳንዱን በጡት ወተትም የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣዋል። የእርስዎን ገና አላወቅንም፤ ደምዎን ልከናል" አለችኝ። ቀጥላም "ስንት ልጅ አጠቡ?" አለች።

"አንድ፣ ዘከርያን" አልኳት።

ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። እህቴ አንቺን ወልዳ ስትሞት፣ ዘከርያን በአንዱ አንቺን በሌላው ጡቴ ይዤ ያሳደግኳችሁ እኔ ነኝ። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። የቆቦ መኪና ላይ ከተሳፈርኩ በኋላ ወርጄ ተመለስኩና "ሁለት ናቸው" አልኳት። አንዱን ሰርዛ ጻፈችው።

ዘከርያ ሰኞ ደሙን ሊያስመረምር ይሄዳል። አንቺም እዚያው ተመርመሪ። ስልክ ሳልደውል ደብዳቤ ያጻፍኩትም ሐኪሟ ለአንቺ የሰጠችኝን ወረቀት አብሬ ለመላክ ብዬ ነው። ሳትውይ ሳታድሪ ሂጂ።

አራስ ከሆንሽ ጀምሮ ስንሰነባበት "ሕፃኗን ጡት እንዳትነሻት" ሳልልሽ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ ግን በሰላምታ ብቻ ልሰናበትሽ። አላህ አንቺንም ሕፃኗንም ዘከርያንም ይጠብቅልኝ።

አክስትሽ ሳሊሀ፣ ከቆቦ